ከፖስቱ በፊት ኮሜንቱ

ሃይቭ በተባለው የብሎክቼይን መድረክ ላይ አካውንት የከፈተ ሰው የመጀመሪያ ጽሑፉን ለጥፎ ሰባት ቀን ይጠብቃል። ከጽሑፉ ሥር የዶላር ምልክት አለ፤ ከምልክቱ ጎን ደግሞ ከዜሮ የሚነሣ ቁጥር። አንባቢ ድምፅ በሰጠ ቁጥር ይህ ቁጥር ከፍ ይላል ተብሎ ይጠበቃል። ሰባተኛው ቀን ሲሞላ ሒሳቡ ይዘጋል፤ ድምሩ 2 የአሜሪካ ሣንቲም እንኳ ካልሞላ መድረኩ እሱንም አይከፍልም። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። "ጻፉ፣ ይከፈላችኋል" የሚለውን ጥሪ አምኖ የገባ ሰው ቢከፋው አይፈረድበትም።

የሚያሳዝነው ግን ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ነው። አንዱ "መጻፍ አልችልም ማለት ነው" ይላል። ሌላው "ነገሩ ማጭበርበር ነው" ብሎ ይወጣል። ሁለቱም የሳቱት አንድ ነገር አለ። ይህን መሰል መድረክ ላይ አካውንት የሚያድገው በጽሑፍ ብዛት አይደለም፤ በተከታይ ቁጥርም አይደለም። ሌሎችን አንብቦ፣ ከሌሎች ጋር ተነጋግሮ፣ በስም የሚታወቅ ሰው በመሆን ነው። ይህ የምክር ወግ አይደለም፤ ከመድረኩ አሠራር የሚመነጭ እውነት ነው፤ አሠራሩን ያየ ሰው ይረዳዋል።

ነገሩ የተጀመረው ሃይቭ ኋላ ከወጣበት ከስቲሚት ነው። ኔድ ስኮትና ዳን ላሪመር የመሠረቱት ሲሆን፣ መድረኩ የቆመበት ስቲም የተሰኘው ብሎክቼይን በፈረንጆቹ ማርች 2016 ሥራ ጀመረ፤ ለጸሐፊዎች የመጀመሪያው ክፍያ የተለቀቀው ደግሞ በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን ነው። መድረኩ ለጸሐፊ የሚከፍለው ከማስታወቂያ ካገኘው ገቢ አልነበረም። ብሎክቼይኑ፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያዘው የጋራ መዝገብ፣ በየሦስት ሰከንዱ አዲስ ብሎክ ይጨምራል፤ ከዚያ ጋር አዲስ ቶክን (ዲጂታል ገንዘብ) ይፈጠራል፤ ከሚፈጠረው ውስጥ የተወሰነው ለጸሐፊና ለአንባቢ ተብሎ በአንድ ቋት ይጠራቀማል። ቋቱን የሚያከፋፍሉት ድምፅ ሰጪዎቹ ናቸው። ቋቱ አንድ በመሆኑ አንዱ ጸሐፊ ብዙ በወሰደ ቁጥር ለሌላው የሚተርፈው ያንሳል።

ታዲያ ድምፁ እኩል አይደለም። ፌስቡክ ላይ አንድ ሺህ ላይክ ማለት አንድ ሺህ ጣት ነው። እዚህ ግን የድምፁ ክብደት የሚለካው ድምፅ ሰጪው በአካውንቱ ቆልፎ ባስቀመጠው ቶክን መጠን ነው። የተቆለፈው ቶክን ሃይቭ ላይ "ሃይቭ ፓወር" ይባላል፤ ስቲም ላይ "ስቲም ፓወር" ነው። 5,000 ያለው ሰው አንድ ጊዜ ሲጫን፣ እያንዳንዳቸው 5 ያላቸው አንድ ሺህ ሰዎች በአንድ ላይ የተጫኑትን ያህል ይመዝናል። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በባሕር ፍጥረታት ስም ይጠራራሉ፤ ብዙ ሀብት የቆለፈው "ዓሣ ነባሪ" ነው፤ ከሱ ዝቅ ሲል "ኦርካ"፣ ከዚያ "ዶልፊን"፣ ከዚያ "ትንሽ ዓሣ"። አዲስ ገቢ ከታችኛው እርከን ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ሥርዓት "ለሁሉም እኩል የተከፈተ" ብሎ መሸጥ ትክክል አይደለም፤ በሩ ለሁሉም ተከፍቷል፣ ውስጥ ያለው ወንበር ግን እኩል አይደለም።

ገንዘቡም ሲታይ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ሃይቭ ላይ አንድ ጽሑፍ ሥር 10 ዶላር ቢታይ ግማሹ የጸሐፊው፣ ግማሹ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ድርሻ ነው። ጸሐፊው ከሚደርሰው 5 ዶላርም በተለመደው አሠራር ግማሹ በተቆለፈ ሃይቭ ፓወር ይከፈለዋል። ወዲያው ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው 2 ዶላር ከ50 ሣንቲም ግድም፣ ያም ዋጋው ከዶላር ጋር እንዲቀራረብ በተበጀው ኤችቢዲ በተባለው ቶክን። የተቆለፈውን ማውጣት የፈለገ "ፓወር ዳውን" ብሎ ይጀምርና በ13 ሳምንት ተከፋፍሎ ይደርሰዋል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ የገበያው ዋጋ የት እንደሚውል ማንም አያውቅም። የስቲም ቶክን በጃንዋሪ 2018 ከ8 ዶላር በላይ ተሽጦ ነበር፤ ያው ዓመት ሳያልቅ ከ50 ሣንቲም በታች ወረደ፤ በኖቬምበርም የስቲሚት ኩባንያ ከሠራተኞቹ 70 በመቶውን አሰናበተ። ዓመቱን "ሀብታም ሆንኩ" ብለው የጀመሩ ሰዎች ሲጨርሱ በእጃቸው የቀረው የቶክን ቁጥር እንጂ ዋጋው አልነበረም።

አቋራጭ የፈለጉ ሰዎች አልጠፉም። በ2017 እና 2018 ስቲሚት ላይ ድምፅ የሚሸጡ ቦቶች ገነኑ። ጸሐፊው ለቦቱ ገንዘብ ይልካል፤ ቦቱ እንደ ገንዘቡ መጠን ትልቅ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ጽሑፉም በዋናው ገጽ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። በቁጥር ሲታይ አካውንቱ አድጓል። በዋናው ገጽ ላይ የሚታየው ግን ሰው ወዶ ያነበበው መሆኑ ቀርቶ ባለቤቱ ከፍሎ ያስወጣው ሆነ። መልካም ነገር ፈልጎ ወደዚያ ገጽ ጎራ የሚል አንባቢ ምን ያደርጋል? ተመልሶ አይመጣም። ኦገስት 2019 ላይ የሥርዓቱ ደንብ ተሻሻለ፤ ቀድሞ ለጸሐፊው 75 በመቶ፣ ለድምፅ ሰጪው 25 በመቶ የነበረው ክፍፍል እኩል በእኩል ሆነ፤ አላግባብ የተወሰደን ሽልማት የሚቀንስ የተቃውሞ ድምፅም ያለ ኪሣራ እንዲሰጥ ተፈቀደ። የቦቶቹ ገበያ ከዚያ በኋላ ተዳከመ። በክፍያ ያደጉ አካውንቶች ቦቱ ሲጠፋ አብረው የጠፉት፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ "እገሌ የት ጠፋ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበራቸው ነው።

እንግዲህ ጀማሪው ከየት ይነሣ? እድር ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ በሰው ለቅሶ ያልታየ ሰው ለራሱ ድንኳን ሲተከል ጎረቤት ይመጣልኛል ብሎ አይጠብቅም። ሃይቭ ላይም የሌሎችን ጽሑፍ ሳያነብ የራሱን ብቻ እየለጠፈ የሚያልፍ ሰው፣ አቅም ያላቸው አንባቢዎች ዓይን ውስጥ አይገባም።

ኮሜንት ሲባል ግን ምን ዓይነት ኮሜንት? አንድ ሰው በጓሮው ስለተከለው ቲማቲም ጻፈ እንበል፤ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ አስቸግሮታል። "ግሩም ጽሑፍ፣ እኔንም ተከተለኝ" የሚል መልስ ባለቤቱን ያበሳጫል፤ አንዳንዴም የተቃውሞ ድምፅ ያስከትላል። "ቢጫው የጀመረው ከታችኛው ቅጠል ነው ወይስ ከላይኛው? ውኃ የምታጠጣውስ ስንት ሰዓት ላይ ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ጽሑፉን ማንበቡ ይታወቃል። ባለቤቱ ይመልስለታል። ሌላው አንባቢ ገብቶ ይከራከራል። በማግስቱ ባለ ቲማቲሙ ጠያቂው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ገጹ ይሄዳል፤ አዲስ ጽሑፍ ካገኘም ያነባል። ደግሞም ኮሜንት ራሱ ድምፅ ሊሰጠው፣ ሽልማት ሊያገኝ ይችላል።

አሠራሩም ወደዚህ ይገፋል። የአካውንት እንቅስቃሴ ሁሉ "ሪሶርስ ክሬዲት" የሚባለውን አቅም ይቀንሳል። አዲስ አካውንት ያለው ጥቂት ነው፤ ከጨረሰ እስኪመለስለት ይጠብቃል። ስለዚህ በየጽሑፉ ሥር አንድ አንድ ቃል እየጣለ የሚሮጥ ጀማሪ ቶሎ ይቆማል፤ ጥቂት መርጦ በወጉ የሚጽፍ ግን ይበቃዋል። ድምፅም እንዲሁ በልክ ነው። ሙሉ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር ከድምፅ ጉልበት 2 በመቶ ይወርዳል፤ በቀን 20 በመቶ ይመለሳል። በቀን ወደ ዐሥር ሙሉ ድምፅ ማለት ነው፤ የሚሰጠውን መምረጥ ግድ ይላል።

ራስን ማስተዋወቅም የራሱ ወግ አለው። ነባሮቹ ጀማሪው እውነተኛ ሰው መሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ብዙዎች የአካውንታቸውን ስምና የዕለቱን ቀን በወረቀት በእጃቸው ጽፈው፣ ወረቀቱን ይዘው ፎቶ ይነሣሉ። ከሌላ ድረ ገጽ የተገለበጠ ጽሑፍ ወይም ፎቶ እያሰሱ የሚያጋልጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ የተያዘ ሰው ሽልማቱ ይሻርበታል፣ ስሙም አብሮ ይበላሻል። በአንጻሩ በ2016 ስቲሚት ላይ የተመሠረተው "ኪዩሪ" የተሰኘ ቡድን ዋና ሥራው ማንም ያላያቸውን አዳዲስ ጸሐፊዎች እየፈለጉ ትልቅ ድምፅ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ስማቸው ያልታወቀ ጥሩ ጸሐፊዎች ሳይነበቡ እንዳይቀሩ ሰዎች ተቀምጠው ያነቡላቸው ነበር ማለት ነው።

ቋንቋም ወሳኝ ነው። ቬኔዝዌላውያን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። የአገራቸው ገንዘብ በዋጋ ግሽበት ዋጋ ባጣባቸው ዓመታት ብዙዎቹ ወደ ስቲሚት፣ ኋላም ወደ ሃይቭ ገቡ፤ በውጭ ዓይን ትንሽ የሚመስለው ጥቂት ዶላር እዚያ ቤት የሚደጉም ነበር። የጠቀማቸው ግን ዶላሩ ብቻ አይደለም። በስፓኒሽ የሚነበብ፣ በስፓኒሽ የሚታረም፣ በስፓኒሽ ድምፅ የሚሰጥ የራሳቸው ማኅበር አቋቋሙ። ድምፅ የሚሰጠው ሰው ያልገባውን ጽሑፍ ሊመዝን አይችልም፤ አማርኛ ጸሐፊም ቢሆን አንባቢውን ከራሱ ጋር ይዞ ካልገባ፣ ወይም በሌላ ቋንቋ ካልጻፈ፣ ለባዶ አዳራሽ ያወራል።

ይህ ሁሉ በደህና ቀን ነው። ችግር በመጣ ጊዜ ምን እንደሚሆን ደግሞ 2020 አሳይቷል። በፌብሩዋሪ ትሮን የተባለው ብሎክቼይን መሥራች ጀስቲን ሰን የስቲሚትን ኩባንያ ገዛ፤ ከኩባንያው ጋር ከጅምሩ ያስቀረው ግዙፍ የቶክን ክምችት አብሮ መጣ። ነባሩ ማኅበረሰብ ክምችቱ የመረቡን አስተዳዳሪዎች ለመምረጥ እንዳይውል አገደው። ማርች 2 ላይ ባይናንስን፣ ሁዎቢንና ፖሎኒየክስን የመሳሰሉ የመገበያያ ድርጅቶች ደንበኞቻቸው ያስቀመጡትን ቶክን ተጠቅመው ለሰን ወገን ድምፅ ሰጡና መረቡን የሚያስተዳድሩትን 20 ዋና አንቀሳቃሾች አስለወጡ። "ማዕከል የለውም" የተባለው ሥርዓት በአንድ ቀን ባለቤት ተገኘለት። ነባሮቹ ግን ለቀው ወጡ፤ ማርች 20 ቀን ሃይቭን መሠረቱ፤ ከሰን ወገን ካልሆነው ተጠቃሚ የሚበዛው በስቲም የነበረውን ያህል ቶክን በአዲሱ ቤት አገኘ። በሜይ ወር ደግሞ ስቲም ላይ ደንብ ተለውጦ የ64 አካውንቶች 23.6 ሚሊዮን ስቲም ተወረሰ።

ከዚህ ታሪክ አካውንቱን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ቁም ነገር አለ። ቶክን ሊወረስ ይችላል። ዋናው ገጽ በገንዘብ ሊያዝ ይችላል። እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ግን ቤት ቀይረው እንደገና ተገናኙ፤ በኮሜንት የተገነባው ትውውቅ ሃይቭ ላይ ወዲያው ቀጠለ።

ለኢትዮጵያዊው አንባቢ ሁለት ጉዳይ ይጨመር። የመጀመሪያው ሕጉ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2022፣ በእኛ 2014 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ ግብይት መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ስለዚህ "እየጻፋችሁ በዶላር ኑሩ" እያለ ወጣቱን የሚጠራ ሰው ያገኙትን ወደ ብር በምን ሕጋዊ መንገድ እንደሚለውጡት አብሮ ካልነገራቸው ግማሹን እየደበቀ ነው። ተማሪ የዕረፍት ጊዜውን ለዚህ ቢሰጥ አይከፋም፤ የቤት ኪራዩን በዚህ ቢያስብ ግን ይጎዳል።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። አካውንት ሲከፈት ከዋናው የይለፍ ቃል የሚወጡ አራት ቁልፎች ይሰጣሉ፤ አንዱ ለመለጠፍና ድምፅ ለመስጠት፣ አንዱ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ፣ አንዱ ለምሥጢር መልእክት፣ አንዱ የባለቤትነት። ለዕለት ሥራ የመለጠፊያው ብቻ ይበቃል፤ በካፌ ኮምፒውተር ላይ የባለቤትነቱን ቁልፍ የሚያስገባ ሰው ቤቱን ከነካርታው አሳልፎ ይሰጣል። ቁልፉ ከጠፋ "የይለፍ ቃል ረሳሁ" ተብሎ የሚጫን ነገር የለም፤ የሚደወልለት ቢሮም የለም። ቁልፉ ከተሰረቀ በ30 ቀን ውስጥ በቀድሞው ቁልፍና አካውንቱን ባስመዘገበው ወገን አማካይነት ማስመለስ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ አይቻልም። ቁልፎቹን በወረቀት ጽፎ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከመለጠፍ ይቀድማል። የሚለጠፈውም ነገር ታስቦ ይለጠፍ፤ ጽሑፍ ቢታረም እንኳ የቀድሞው ቅጂ በብሎክቼይኑ ላይ ይኖራል፤ በሃያ ዓመት የተጻፈ የንዴት ቃል በአርባ ዓመትም ይነበባል።