የቻይና ምግብ ቤት በጣርማ በር ሱፍ ቢያጌጥስ?

በአዲስ አበባ አንድ ውድ የቻይና ምግብ ቤት የውስጥ ዲኮሩን ለማደስ ሲነሣ ቀይ ፋኖሱን ብቻ ሳይሆን ምንጣፉን፣ መጋረጃውንና የወንበር ልብሱን ጭምር ከውጭ ማዘዝ የተለመደ ነው። የልማዱ ዋጋ ግን ዛሬ እንደ ቀድሞው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ባለሀብቱ ከውጭ ከማዘዙ በፊት አገር ውስጥ ያለውን ቢቃኝ ያዋጣዋል።

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ጣርማ በር የሚታወቀው በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው ዋሻው ነው። ይሁንና ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ብርዳም አገር፣ ከአጎራባቹ መንዝ ጋር፣ የበግ አገርም ነው። ሱፉ እየተፈተለ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራበታል።

ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ድምፅም ይውጣል። በየክቡ ጠረጴዛ አሥር ሰው ለሚያወራበት፣ ወለሉ ሴራሚክ ለሆነ አዳራሽ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የበጉ ጥቁርና ቡናማ የተፈጥሮ ቀለምም ከቀዩ ጋር ይስማማል። «ቻይናዊነቱ ይጠፋል» የሚል ቢኖር፣ ደንበኛው የሚመጣው ለምግቡ ነው፤ ፋኖሱም ከቦታው አይነሣም።

እውነተኛው ችግር አቅርቦቱ ነው። ምግብ ቤቱ አንድ ዓይነት ቀለምና ስፋት ያለው፣ ለ100 ወንበር የሚበቃ ጨርቅ ይፈልጋል። የእጅ ሥራ ግን ከሸማኔ ሸማኔ ይለያያል፤ በደንብ ያልታጠበ ሱፍም ይሸታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ የመንገዱን ጉዞ አስተማማኝነት አሳጥቶታል።

በመሆኑም ገዢው ናሙና ሰጥቶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ከወራት በፊት ማዘዝ ይኖርበታል። ዕቃውም ደብረ ብርሃን ላይ ተሰብስቦ፣ ጥራቱ ታይቶ ቢጫን ይመረጣል። ለውጭ አቅራቢ ቅድሚያ ክፍያ የሚልክ ነጋዴ፣ ለፈታይዋና ለሸማኔው ቀብድ የሚነፍግበት ምክንያት የለም። ካፒታል ያለው እሱ ስለሆነ የመጀመሪያውን ኪሣራ የመሸከም አቅም ያለውም እሱ ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» መባሉ ለእርሻ ብቻ አይደለም።