ከመምረጋችን በፊት እንመልከት



መስከረም ሲጠባ የሁላችንም ልማድ አንድ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤቱ ይጠረጋል፣ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፣ አቅም ያለው ደግሞ ኖራ ወይም ቀለም ይቀባል። ቤትን ለበዓል ማሳመር የሚነቀፍ ነገር አይደለም። እኔ በበኩሌ የምቃወመው ግድግዳውን ሳንመለከት መምረጋችንን ነው። ክረምቱ በቤታችን ላይ ያደረሰው ጉዳት ቁልጭ ብሎ የሚታየው በዚያው ሰሞን ነው። እኛ ግን ምልክቱን በገዛ እጃችን ሸፍነን፣ «ተመስገን፣ ቤታችን አማረ» ብለን እንቀመጣለን።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ቤት ደርሶብኝ ነው። በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከመሬት እስከ ጉልበት የሚደርስ የርጥበት መስመር ነበር። ሁለት ዓመት በላዩ ላይ መረግሁበት። በሦስተኛው ክረምት በሩ አልገጥም አለ። እንጨቱ አብጦ ነው ብዬ በመላጊያ ላግሁት። ኋላ የልብስ ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ባደርገው ጀርባው ሻግቷል። ምርጊቱን ስፍቀው የማዕዘኑ ቋሚ እንደ ራሰ ዳቦ ጣት ያስገባል። ለካስ በሩ አላበጠም፤ ቤቱ ነው የሰመጠው! ልጆቹ የሚተኙት ደግሞ በዚያ በኩል ነበር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው እውነት ነው።

ለመሆኑ ውሃው እንዴት ይገባል? የብዙዎቻችን ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ይረጫል። መሄጃ ያጣው ከግርጌው ተኝቶ ይከርማል። ጭቃ ደግሞ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ውሃ ይስባል፤ ከታች ወደ ላይ ያወጣዋል። ቋሚው ይበልጥ የሚበሰብሰው ከመሬቱ አፍ ላይ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን አልቋል።

ስለዚህ ምልክቶቹን እንወቅ። በግድግዳው ግርጌ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ከታየ ውሃ ወጥቶ እዚያ ላይ ደርቋል ማለት ነው። ልስኑን ስናንኳኳው እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጭቃው ተላቋል። ቀለሙ አብጦ ሲላላጥ፣ ኮርኒሱ ላይ ቡና የፈሰሰበት የመሰለ ክብ ሲታይ፣ ተዘግቶ የዋለ ቤት ሲከፈት ሻጋታ ሻጋታ ሲሸት ነገሩ ተጀምሯል። አልጋና ሳጥን ከግድግዳው ይራቅ፤ ጀርባቸውም ይታይ። ቋሚውን ከግርጌው በወስፌ ወጋ ማድረግም ጥሩ ነው፤ ጤነኛ እንጨት በቀላሉ አያስገባም።

ስለ ጣሪያም አንድ ነገር ልጨምር። የጋሸና ብርድ የታወቀ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ጠዋት፣ ከቆርቆሮው ሥር ብዙ ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ቢል ቀዳዳ አይምሰለን። የትንፋሻችንና የምድጃው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ነክቶ ውሃ ሆኖ ነው። መድኃኒቱ ቀን ቀን መስኮት መክፈትና ለእንፋሎቱ መውጫ መተው ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ የሚያንጠባጥበው ግን ምስማሩ ላልቶ ወይም ቆርቆሮው ዝጎ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተጎዳውን ጣሪያ በጥድፊያ የደፈንን ካለን ድፍኑን ደግመን እንየው። ቧንቧ ያስገባ ሰው ደግሞ ሁሉንም ዘግቶ ቆጣሪውን ይመልከት፤ የሚዞር ከሆነ ውሃው አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

«በሲሚንቶ ብንለስነው አይገላግለንም ወይ?» የሚሉ አሉ። አይገላግልም። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አብሮ አይኖርም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ደግሞ መድረቂያ አጥቶ ቋሚውን ይበላል።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከመገንጠያችን በስተሰሜን ያሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉ ሆነው እንኳ ውሃ ያስቸግራቸዋል። ባለፈው መቶ ዓመት በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀብተው ነበር። ይህ ሽፋን ጎጂ ሆኖ ስለተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራ ቡድን አነሣው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለአንዳንዶቹ ትልልቅ መጠለያ ተሠራላቸው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ግን ጉድባውን ሲያወጡ ለዝናቡ መውረጃ አበጅተውለት ነበር። ከነሱ የምንማረው ውሃን መሸፈን ሳይሆን መንገድ መስጠትን ነው።

መንገዱ ደግሞ የግል አይደለም። እኔ ቋሚው የበሰበሰ ጊዜ ከላይ ካለው ጎረቤቴ ልጣላ ነበር፤ ውሃው ከሱ ግቢ ነዋ የሚመጣው! ቦዩን ተከትዬ ስወርድ የኔው ውሃ ከታች ካሉት እናት ግድግዳ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። አፈርሁ። ሦስታችን ተማክረን አንድ ቦይ ቀደድን፤ ሥራው አንድ ቀን ብቻ ፈጀ።

ሐሳቤን በዚህ ላጠቃልል። ማኅበራችን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት ዝናቡ ሳይገባ ለቦዩ፣ በመስከረም መጀመሪያ ከምርጊቱ በፊት ለግድግዳው፣ ከየቤቱ አንዳንድ ሰው አውጥቶ ሰፈሩን ቢዞር መልካም ነው። ብቻቸውን ከሚኖሩ አረጋውያን ቤት ይጀመር፤ እነሱ ሳጥን ፈቀቅ የሚያደርግላቸው የለም። ለሐዘን ድንኳን ለመትከል የምንሰበሰብ ሰዎች ግድግዳ ሳይወድቅ መሰብሰብ አያቅተንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ