የዌስተን አባቶች ጀርባችሁ የት ገባ?

ሰሞኑን ፌስቡኩ ሁሉ አንቀልባ በአንቀልባ ሆኗል። ዛጎል የተደረደረበት የቆዳ አንቀልባ ፎቶ ይለጠፋል፣ ከስሩ «ፈረንጅ ሰረቀን» የሚል ጩኸት። በነገራችን ላይ ስናግሊ የሚባለውን ማዘያ ያወጣችው አሜሪካዊቷ ነርስ አን ሙር፣ በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ ሄዳ ሲታዘል ያየችው ቶጎ ነው። ለመኩራራቱም ቀስ እንበል።

በማዘል ጥቅም ከማንም ጋር አልከራከርም። እዚሁ ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ሁንዚከርና ባር የሚባሉ ሐኪሞች በ1986 እንደ ፈረንጆቹ ያወጡት ጥናት አለ፤ በእቅፍም በማዘያም ተጨማሪ ሰዓት የተያዙ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው ለቅሷቸው 43 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። አያቶቻችን ይህን ሳይቆጥሩ ያውቁት ነበር።

የኔ ጥያቄ ግን ማን ያዝላል ነው። አገር ቤት ልጅ በአንድ ጀርባ አላደገም። እናት እንጀራ ስትጋግር አያት ታዝላለች፣ አያት ሲደክማት ታላቅ እህት፣ እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጎረቤት። ያን ሁሉ ጀርባ ቦሌ ላይ ተሰናብተን መጣን። አሁን ዌስተን ሮድ ፎቅ ላይ፣ ሃምበር ወንዝን በመስኮት እያየች፣ አንዲት ሴት ብቻዋን አዝላ ታበስላለች፣ አዝላ ትጠርጋለች፣ ሊፍት ሲበላሽ አዝላ ደረጃ ትወርዳለች። እኛ ሶፋ ላይ ፖለቲካ እንተነትናለን። ከዚያ «ባህላችን ነው» እንላለን! የትኛው ባህል? ግማሹን አውሮፕላን ማረፊያ ጥለነው?

«ወንድ ልጅ አያዝልም» ትሉኛላችሁ። እንዴ! ከፒርሰን የመጣ ተሳፋሪ 23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ሁለት አድርጎ የሚጭን ጀርባ፣ አምስት ኪሎ ሕፃን ሲሆን ነው የሚያመው? ወይስ ቡና ቤት ያሉት ልጆች እንዳይስቁ ነው? ይሳቁ።

«12 ሰዓት ነድቼ ነው የገባሁት»ም ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ወገብ ይቆረጣል። የሷ ፈረቃስ ስንት ሰዓት ያልቃል? ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ደግሞ፣ ከ2019 ጀምሮ ሁለቱም ወላጆች የወሊድ ፈቃዱን ከተካፈሉ በመደበኛው ክፍያ 5 ሳምንት ይጨመራል። ስንቶቻችሁ ወሰዳችሁት?

ለጀማሪ አባት፦ ጀርባ ላይ ማዘል አንገቱ ለጠና ልጅ ነው። ትንሹን ደረታችሁ ላይ አድርጉት፤ ፊቱ ይታይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ፣ ጎንበስ ስትሉ ግንባሩን ለመሳም ይድረስላችሁ። ዘይት ስትጠብሱና ጀበና ስትይዙ አውርዱት። መኪና ውስጥማ በጭራሽ! አዝለውት ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ የሚሉ አይቻለሁ፤ ፍሬን ሲያዝ ጨርቅ አይዝም፣ ለመኪና የሕፃን መቀመጫ አለ።

በሉ እንግዲህ፣ ስድባችሁን ከታች ጠብቃለሁ። ግን ልጁን ተቀብላችሁ አዝላችሁ ጻፉ፣ እጃችሁ ነፃ ነው።