ኮምፒውተር ሳይንስ የጌታ ፈቃድ ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲቃረብ በየቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ርእስ ይበዛል። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መድረክ ይቀርባሉ፤ ሽማግሌዎች እጅ ይጭናሉ፤ “ጌታ በሩን ይክፈትላችሁ” ይባላል። ያ በር ደግሞ ስም አለው። ቀድሞ ሕክምና ነበር፤ አሁን ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ ከጎኑ ቆመዋል። እሑድ ለምስክርነት የሚነሣው እዚያ የደረሰው ልጅ ነው። ታሪክ ወይም ግብርና የደረሳት እኅት ስትመሰክር ብዙም አይሰማም።

ወገኖች፣ መጸለዩ መልካም ነው። የሚያሳስበን ገበያው የሚፈልገውን ሁሉ “የጌታ ፈቃድ” ብሎ መጥራት እየተለመደ መምጣቱ ነው።

እስቲ ስለ ትምህርቱ በግልጽ እንነጋገር። ስማቸው የሚመሳሰል ዲፓርትመንቶች አንድ አይደሉም። ኮምፒውተር ሳይንስ ሒሳብና አልጎሪዝም ይበዛበታል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ትልልቅ ሶፍትዌሮችን በቡድን መሥራትንና መፈተሽን ያስተምራል። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ወደ ድርጅት አሠራር፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደግሞ ወደ ኔትወርክና ሰርቨር ያደላል። ሒሳብ የሚያስጨንቀው ልጅ “ኮምፒውተር ይወዳል” ተብሎ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲገባ፣ የሚወደው ስልኩን እንደነበር ሁለተኛ ዓመት ላይ ይገባዋል። ተምሮ ሲጨርስም የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ ሁሉ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ላም ሸጦ የግል ኮሌጅ ክፍያ የሚከፍል ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሥራውስ? አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ባንኮች አገልግሎታቸውን ወደ ሞባይል አምጥተዋል፤ ይህን ሁሉ የሚሠራና የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በኢንተርኔት ኮዲንግ የማስተማር መርሐ ግብር ጀምሯል። ሰርተፍኬት የያዘ ሲበዛ ወረቀቱ ብቻውን ማንንም አያስቀጥርም። ጀማሪ ይማርበት የነበረውን ቀላል ኮድ ደግሞ ዛሬ ቻትጂፒቲ በደቂቃ ይጽፈዋል። ተመርቆ ቢሮ ሲገባ ፕሪንተር ሲጠግንና ኬብል ሲዘረጋ የሚውለውም ጥቂት አይደለም። ክቡር ሥራ ነው፤ በመድረክ ላይ ተስፋ የተሰጠው ግን ይህ አልነበረም። ቤት ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት መሥራትና በዶላር መከፈልም ቢሆን መብራት፣ ኢንተርኔትና ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ ይጠይቃል።

“ይህ ሁሉ ስሌት ነው፤ እምነት የት አለ?” የሚለን ይኖራል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር የተናገረው ጌታ ራሱ ነው (ሉቃ. 14፥28)። ስሌት የእምነት ጠላት ቢሆን ኖሮ ያን ምሳሌ ባልተጠቀመ ነበር።

ዳንኤልንም እናስብ። ዲፓርትመንቱን አልመረጠም። ተማርኮ ባቢሎን ሲደርስ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማር ተመደበ፤ ሦስት ዓመትም ተወሰነለት (ዳን. 1፥4-5)። እጅ ጭኖ “በር ተከፈተልህ” ያለው ሰው አልነበረም። በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ቆረጠ፤ ትምህርቱን ግን እምቢ አላለም። በዚያ የባዕድ ትምህርት እውቀትንና ማስተዋልን ለእርሱና ለጓደኞቹ የሰጠው እግዚአብሔር እንደሆነ ተጽፏል (ቁ. 17)። እንግዲህ ባልመረጠችው ክፍል የተመደበችውን እኅት ጌታ እንደረሳት አድርገን በምን አፋችን እናጽናናታለን?

እኛ የምንለው ይህን ነው። ሒሳብ ደስ የሚለው፣ አንዲት ስሕተት ፍለጋ ግማሽ ቀን ተቀምጦ የማይሰለች ልጅ ካለ ኮምፒውተር ሳይንስን በደስታ ይምረጥ፤ ቤተሰቡም በሚችለው ይደግፈው። ስለ ዶላሩ ብቻ የሚገባውን ግን ቆይ ልንለው ይገባል። ነርስ ወይም አካውንታንት ሆኖ ኮዲንግን በጎን መማር ይቻላል፤ ሥራውን የሚያውቅና ኮድም የሚጽፍ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለጋል።

በከተማ ባሉ አጥቢያዎች በዚህ ሙያ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አይጠፉም። ብዙውን ጊዜ የምናውቃቸው ሳውንድ ሲያስተካክሉና የፓስተሩን ላፕቶፕ ሲጠግኑ ነው። ከቅጹ በፊት እያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ ይያዙ። ምን እንደሚሠሩ ያሳዩት፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸው ስንት እንደነበር ሳይደብቁ ይንገሩት፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አብረውት ይጻፉ። ወላጆችም አብረው ቢቀመጡ ደግ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ቅጹን ይሙላ፤ እኛም አብረነው እንጸልያለን።