በሰው ቢልድ መሞት



በዚህ መጽሔት ስለ ምግብ አዳራሹ ሰልፍ፣ ስለ ውሃውና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ዛሬ እኛ የምናነሣው ጉዳይ ግን ለአንዳንዱ ተራ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ እዚህ ሶዶ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የዳሞታ ብርድ በር ሲያዘጋን፣ ከኳስና ከፖለቲካ እኩል የሚያጨቃጭቀን ይኸው ስለ ሆነ በዝምታ ልናልፈው አልፈቀድንም። ጉዳዩ የጌም ጉዳይ ነው፤ በተለይም ተጫዋቹ አንድ ተዋጊ ይዞ፣ የተዋጊውን ጉልበትና ችሎታ ከታች ጀምሮ ራሱ እየገነባ የሚዋጋበት፣ «አክሽን አር ፒ ጂ» የሚባለው ዓይነት ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ እናስረዳ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 የወጣውን ዲያብሎ ሁለትን እንውሰድ። ተዋጊው አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ይህንንም ለጉልበት፣ ለቅልጥፍና፣ ለሕይወትና ለአስማት ኃይል ያካፍላል። ከዚህ ሌላ ለሙያ የምትሆን 1 ነጥብ አለች። እዚህ የዋለው ነጥብ እዚያ ይጎድላል። ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥብ የወላይታ ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ገንዘቡን ሁሉ ለበሬው ያዋለ፣ ቅቤው ላይ ሲደርስ እጁ ባዶ ነው። እንግዲህ «ቢልድ» ማለት ይኸው አከፋፈል ነው።

ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንዱ አስማተኛ ይገነባል፣ ሌላው ሰይፈኛ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ አንዳችም ሳይጫወት፣ «ይኼ ቢልድ አይረባም» ይላል። ለምን እንደማይረባ ሲጠየቅ «ዝርዝሩ ላይ የለም» ነው መልሱ። ዝርዝር የሚባለው ከባሕር ማዶ ያሉ ተጫዋቾች ያወጡት፣ ምርጡን ከላይ፣ መናኛውን ከታች የደረደሩበት ሠንጠረዥ ነው። እኛም ራሳችን በዚህ ነገር ንጹሐን አይደለንም፤ የሚከተለውን የምንጽፈውም ስለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት ከቦዲቲ የመጣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ማታ ማታ ወደ ክፍላችን ይመጣ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ስላለው፣ በጃፓኖቹ በፍሮም ሶፍትዌር የተሠራውን፣ በፌብሩዋሪ 2022 የወጣውን ኤልደን ሪንግ በተራ እንጫወታለን። ልጁ የገነባው ተዋጊ ጉልበትንና እምነትን የቀላቀለ ነበር፤ ትልቅ መዶሻ ይይዛል፣ ከውጊያው በፊት ጸሎት ያደርሳል። እኛ ሳቅንበት። «ቄስ ነህ ወይስ አናጢ?» ያለውም ከእኛው አንዱ ነው። ከዚያም ዝርዝሩን አውጥተን ሰጠነው፤ እንደ ዝርዝሩም ነጥቡን ሁሉ አፍርሶ እንደ ገና እንዲያድል አደረግነው። በዚህ ጌም ይህ የሚቻለው ሬናላ በምትባለው ንግሥት ዘንድ፣ ቁጥሩ በተወሰነ የዕንባ ዕቃ ነው፤ ልጁ የነበረችውን አንዲቷን ዕንባ በእኛ ምክር ጨረሰ።

አሁን የምንናገረው በጣም ያሳፍረናል። ያ ዝርዝር ጌሙ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጻፈ ነበር። ዝርዝሩ ያመሰገናቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለት መሬት ረግጦ ውርጭ የሚያስነሣው ስልትና የባለቤቱን መልክ ወስዶ አብሮት የሚዋጋው መንፈስ፣ በማርች 17 ቀን 2022 በወጣው ማሻሻያ ኃይላቸው ተቀንሷል። ጌሙ ከወጣ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በእኛ ኮምፒውተር ያለው ዕትም ደግሞ ከማሻሻያው በኋላ የወጣው ነው። በዚህ ላይ ልጁ የገጠማት ማሌንያ በመታች ቁጥር ቁስሏ የሚሽርላት ናት፤ ከጎኑ ያሰለፈውን መንፈስ ስትመታም እንደዚያው ትድናለች። ስለዚህ ረዳት ብለን የሰጠነው ለእሷ መድኃኒት ሆነላት። ሲሞት አመሸ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ «ይኼኛው ከእኔው የሚሻለው በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከአራታችን አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ከዚያ ማታ በኋላ አልመጣም።

በኋላ ከክፍል ጓደኛው እንደሰማነው ልጁ አስቦበት ነበር። በኤልደን ሪንግ መሣሪያን በሁለት እጅ የያዘ ተዋጊ ጉልበቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ይቆጠርለታል። እንግዲያስ መዶሻውን በሁለት እጅ ለሚይዝ ሰው ጉልበት ላይ ብዙ ነጥብ ማፍሰስ አያስፈልገውም፤ የተረፈው ለእምነት ይሆናል። ይህ ስሌት ከእኛ ዝርዝር ይልቅ ምክንያት ነበረው። እኛ ግን አልጠየቅነውም።

ይህን ስንል ዝርዝር መከተል ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ነገ ፈተና ያለበት፣ ዛሬ መብራት እስኪጠፋ ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ተማሪ፣ ሰው የጠረገውን መንገድ ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል? ፍርሃቱም መሠረት አለው። በዲያብሎ ሁለት አንድ ጊዜ የዋለ ነጥብ እስከ 2010 ድረስ አይመለስም ነበር፤ በፍላሽ ከዶርም ዶርም የሚዞረው ቅጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የድሮው ነው። (ቅጂው እንዴት እንደ ተገኘ በሌላ ቀን እንነጋገራለን።) አንድ ነጥብ ያበላሸ ሰው የብዙ ሌሊት ድካሙን ያጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሰው ይጠይቃል። የሚያሳዝነው ግን የሚጠየቀው ሰው፣ ምክሩ ለየትኛው ዕትም እንደ ተጻፈ ሳያውቅ መመለሱ ነው።

ሌላም አለ። በካሜሩን፣ በያውንዴ ከተማ፣ ኪሮኦ ጌምስ የተባለው ድርጅት በ2016 አውሪዮን የሚባል ጌም አወጣ፤ ልዑል ኤንዞ ከባለቤቱ ከኤሪን ጋር ሆኖ የተቀማውን ዙፋን ለማስመለስ የአባቶቹን ኃይል እያዋሐደ ይዋጋል። አፍሪካዊ ነው ብለን በደስታ ከፈትነው። ነገር ግን የትኛውን ኃይል ከየትኛው ጋር ማዋሐድ እንደሚሻል የሚነግረን ዝርዝር በእጃችን ስላልነበረ በሁለተኛው ማታ ተውነው። ማንም ሳይነግረን ራሳችን ልንሞክረው የምንችለውን፣ ማንም ስላልነገረን ጣልነው!

እንግዲህ ከእንግዲህ ወዲያ በክፍላችን «አይረባም» የሚል ሰው ሦስት ነገር እንዲመልስ ተስማምተናል፦ በየትኛው ዕትም ተጫወትከው? የት ላይ ሞትክ? በምን ምክንያት? ለምሳሌ «ሕይወት ላይ ከ60 በላይ ነጥብ አታፍስስ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምርልህ ጥቂት ነው» የሚል ሰው ይሰማል፤ ሞክሮ ሊያሳይ ይችላልና። «ሁሉም እንዲህ ይላል» የሚል ግን ተራውን አሳልፎ ሻይ ያፈላል። እስካሁን ሻይ ያፈላነው እኛው ጸሐፊዎቹ ነን።

የቦዲቲው ወንድማችን ይህን ካነበብክ፣ ሌላ ዕንባ ፈልገን አግኝተናል፤ ተዋጊህም ከነስሙ እንዳለ ነው። መዶሻው አልተሸጠም። ማታ ና።