ጠጠሩ ይወጣል፤ በሽታው ግን ይቀራል

በጀርመንታውን የሚኖር አንድ አሽከርካሪ የኩላሊት ጠጠር ሲነሣበት የሚጠብቀው ነገር የታወቀ ነው። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይገባል፤ ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ማስታገሻ ይሰጠዋል፤ ካስፈለገም ጠጠሩ በሌዘር ወይም በድምፅ ሞገድ ይሰባበርለታል። ሲሰናበት «ውሃ በብዛት ይጠጡ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ጠጠር የመከላከል ኃላፊነት በማንም ትከሻ ላይ አይወድቅም።

አቋማችን ግልጽ ነው። ጠጠር የሚመላለስበት ሰው የያዘው የአንድ ሌሊት አደጋ ሳይሆን ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ስለዚህ እንደ ስኳር በሽታ ሁሉ በባለሙያዎች ቡድን ሊታከም፣ ለቡድኑም ሥራ ክፍያ ሊመደብ ይገባል።

የውሃው ምክር ስሕተት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የጣሊያን ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታትሎ ነበር። ውሃ አብዝተው ከጠጡት 12 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 27 በመቶ የሚሆኑት ዳግም ታመዋል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም በቀን ቢያንስ 2.5 ሊትር ሽንት የሚያስወጣ ያህል መጠጣትን ይመክራል። ነገር ግን በ270 አውራ ጎዳና ሲመላለስ የሚውል፣ መጸዳጃ ቤት እንዳይቸግረው ጥማቱን የሚታገሥ ሰው ይህን እንዴት ይፈጽም? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምሰው ጿሚስ? በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾመውስ? ምክሩን ከሰውየው ኑሮ ጋር የሚያስማማ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ምግብም እንዲሁ ነው። ብዙዎች «ጠጠሩ ከካልሲየም ነው» ሲባሉ ወተት ይተዋሉ። በ2002 የታተመ ሌላ የጣሊያን ጥናት ግን ጠጠር የሚመላለስባቸውን 120 ወንዶች እኩል ለሁለት ከፍሎ ሲያነጻጽር የተገኘው ተቃራኒው ነው። በ5 ዓመት ውስጥ ካልሲየም ከቀነሱት 23ቱ፣ ካልሲየሙን ሳይነኩ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት ግን 12ቱ ብቻ ዳግም ጠጠር ያዛቸው። ካልሲየም በአንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይይዘዋል፤ ካልሲየሙ ሲያንስ ኦክሳሌቱ ወደ ሽንት ያልፋል። እንግዲህ ወተት በማይቀመስበት የጾም ወቅት ካልሲየም ከየት እንደሚገኝ፣ ስፒናችና ኦቾሎኒ ምን ያህል እንደሚበላ፣ የወጥ ጨው እንዴት እንደሚቀነስ የሚያስረዳ የሥነ ምግብ ባለሙያ ቅንጦት ሳይሆን ሕክምናው ራሱ ነው።

«ክኒን አለ አይደለም ወይ?» የሚሉ ይኖራሉ። ለዓመታት ሲታዘዝ የኖረው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በ2023 በታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ጠጠሩ እንዳይመለስ በማድረግ ረገድ ከማስመሰያ ክኒን ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ክኒን ብቻውን ቡድንን አይተካም።

ክፍያው ግን ወዴት ያዘነብላል? ሜዲኬር የሥነ ምግብ ሕክምናን የሚሸፍነው ለስኳር ሕሙማን፣ ኩላሊታቸው ለተዳከመ እና ንቅለ ተከላ ላደረጉ ነው። ጠጠር ብቻ ያለበት ሰው ከዚህ ውጭ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ፣ ሕጉ ኩላሊቱ እስኪዳከም ጠብቅ ይላል።

ወጪ ይበዛል የሚለው መከራከሪያም በሜሪላንድ አያስኬድም። የግዛቲቱ ሆስፒታሎች ከ2014 ጀምሮ በዓመታዊ ጥቅል በጀት ይተዳደራሉ፤ መከላከል የሚቻል የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት ሲቀር ተጎጂ አይኖርም። ሥርዓቱ ለመከላከል ተዘጋጅቷል፤ የጎደለው ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ኮንግረስ የሜዲኬርን የሥነ ምግብ ሕክምና ሽፋን ጠጠር ለሚመላለስባቸው ያስፋ፤ የሜሪላንድ ምክር ቤትም በሜዲኬይድና በሥሩ ባሉ መድኖች ይህንኑ ይደንግግ።

ሁለተኛ፣ ጠጠር ለሁለተኛ ጊዜ የያዘው ሰው ሁሉ የጠጠር ምርመራና የ24 ሰዓት የሽንት ምርመራ ይደረግለት። ጉዳዩም የቤተሰብ ሐኪም፣ የዩሮሎጂና የኩላሊት ሐኪም፣ የሥነ ምግብና የመድኃኒት ባለሙያ ላሉበት ቡድን ይተላለፍ፤ ለክትትሉ በስም የሚጠየቅ አንድ ነርስ ይመደብ።

ሦስተኛ፣ መመሪያው በአማርኛም ይሰጥ። የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እስከ ማግስቱ ጠዋት ይሰበሰባል። ይህን ያልተረዳ ሰው የሚያመጣው ውጤት ሐኪሙን ያሳስታል። ሽንቱም አንዴ በጾም፣ አንዴ በፍስክ ቢሰበሰብ ሐኪሙ የሰውየውን እውነተኛ ኑሮ ያያል።

ጠጠሩን ለማውጣት ደጋግመን እየከፈልን ነው። ዳግም እንዳይመጣ ለሚሠሩት መክፈል አሁን የሕግ አውጪዎች ፈንታ ነው።