የደጅ መብራት ደንብ ለማን ይውጣ?

ርእሰ አንቀጽ



ወደ አንድ ከተማ ሥልጣኔ መግባቱን ከሚያበሥሩት ነገሮች የመጀመሪያው መብራት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መብራት ሁሉ አንድ አይደለም። መንገደኛው ጉድጓዱን አይቶ እንዲያልፍ የሚበራ መብራት አለ፤ የሕንፃው ባለቤት ወይም የከተማው ሹም እንዲታይ የሚበራም አለ። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቦታ እንዳይወስድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር፣ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ዳር ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች የሕንፃቸውን ፊት በግራጫ ቀለም እንዲቀቡና በመብራት እንዲያስጌጡ ተደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእነዚሁ መንገዶች ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ ደንብ ወጣ። ሥራው በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በደሴና በኮምቦልቻም ቀጠለ። የአዲስ አበባን ምሽት አይቶ የመጣ ተማሪ ውበቱን ይመሰክራል፤ እኛም አናጣጥለውም። ብቻ በአገራችን ልማድ በአዲስ አበባ የተሰፋ ልብስ ሳይለካ ለወረዳ ከተማ ይላካልና፣ ተራው እንደ ፍላቂት ካለች ከተማ ሲደርስ ምን ይሆናል ብለን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። ከወጣ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ፍላቂት የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ቻይናዎች በሠሩት በወልድያና በወረታ መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህች ከተማ የንግድ ሕንፃንና መኖሪያ ቤትን መለየት በወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር አስቸጋሪ ነው። የቤቱ ፊት ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ነው፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ቤተሰቡ ይተኛል፤ በጓሮ ያሉትን ክፍሎች ደግሞ ከገጠር የመጡ ልጆች ተከራይተው፣ ከቤት በሚላክላቸው ስንቅ እየኖሩ ይማራሉ። በእንዲህ ያለ ክፍል በኩራዝና በባትሪ ብርሃን አጥንቶ እዚህ የደረሰ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ለዚህ ቤት «ፊትህን በመብራት አስጊጥ» የሚል ትእዛዝ ቢመጣ ባለሱቁ ምን ያደርጋል? ከገበያ በርካሽ የሚያገኘውን ፓውዛ ገዝቶ በበረንዳው ቆርቆሮ ላይ ወደ መንገዱ አዙሮ ይሰቅላል። ተቆጣጣሪው ሲያልፍ ቤቱ በርቷል፤ ደንቡም ተፈጸመ። ነገር ግን ፓውዛው ከሚያበራው ይልቅ የሚያሳውረው ይበልጣል። ብርሃኑ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ የዓይናችን ብሌን ይጠብባል፤ ከዚያ በኋላ ከመብራቱ ጎን ያለው ጥላ ከቀድሞው የባሰ ጨለማ ይሆናል። ከገሸና በኩል በሌሊት የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር በመንገዱ ዳር የሚሄደውን ሰው የማያየው በዚህ ጊዜ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድማ ነገሩ ይከፋል፤ ነጭ ብርሃን ጉም ላይ ሲያርፍ ተበትኖ እንደ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ከሱቁ ጎን ወደ ጓሮ የምትገባው ጠባብ መተላለፊያ ግን አሁንም ጨለማ ናት። ማታ ውኃ ቀድታ ወይም ከጓደኛዋ ዘንድ አጥንታ የምትመለሰው ልጅ የምትፈራው ይህችን መተላለፊያ እንጂ ዋናውን መንገድ አይደለም።

ወጪውንም እናስላ። 100 ዋት ፓውዛ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢበራ በአንድ ሌሊት 1.2፣ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ለመኖሪያ ቤት የተወሰነው ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን ስናስብ፣ አንድ ጌጥ የአንድን ድሃ ቤተሰብ የወር ፍጆታ ለመጨረስ ምን ያህል እንደሚቀርበው ይታያል። በአንጻሩ 10 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ክዳን ተደርጎለት ከበሩ በላይ ወደ ታች ቢሰቀልና ምሽት 4 ሰዓት ላይ ቢጠፋ፣ በወር የሚፈጀው 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ፓውዛው በአንድ ሌሊት የሚበላውን አምፖሉ በወር ይበላዋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ስለ ተወሰነ፣ ይህ ልዩነት ከባለሱቁ ኪስ፣ ከዚያም ከተማሪው የቤት ኪራይ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላ ስለ አንድ ፓውዛ መጨቃጨቅ ምንድን ነው?» ይሉናል። ግድቡ ኩራታችን ነው፤ ይሁን እንጂ በወረዳ ከተማ መብራት የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የግድብ ማነስ ሳይሆን የመሥመሩ ማርጀትና የትራንስፎርመሩ መጨናነቅ ነው። የላስታ ሰው መብራት ማጣትን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ከዓመት በላይ ያለ ኤሌክትሪክ ኖራለች፤ እህል ማስፈጨት እንኳ ጭንቅ ሆኖ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉን ያወከው ግጭትም በየከተማው ምሽትን በጊዜ የሚዘጋ ነገር አድርጎታል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ዘንድ ሄዶ ሕንፃህን አስጊጥ ማለት፣ ምንም ቢሆን፣ ደጅህን አብራልኝ ከማለት ቀድሞ ሊመጣ አይገባውም።

ሌሎች ደግሞ «ገና ላልበራ ከተማ የመብራት መጠን መወሰን ቅንጦት ነው፤ የፈረንጅ ወሬ ነው» ይላሉ። በእርግጥ ፈረንጆች ደንብ አውጥተዋል። በአሜሪካ ፍላግስታፍ የተባለችው ከተማ በአጠገቧ ላለው የከዋክብት መመልከቻ ስትል እ.ኤ.አ. በ1958 የማስታወቂያ ፓውዛዎችን ከልክላለች። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2013 የመደብርና የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች የፊት መብራት ቢዘገይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ ወስናለች። እነርሱ ይህን ያደረጉት መጀመሪያ ሁሉን ነገር አብርተው፣ በኋላ ለማጥፋት ተቸግረው ነው። እኛ ገና ሳንሰቅለው መወሰን ስንችል የእነርሱን ዙሪያ ጥምጥም የምንደግምበት ምክንያት አይታየንም።

ደግሞም ጨለማችን ራሱ ሀብት መሆኑን የሚያውቁ አሉ። በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ሥራ ሲጀምሩ፣ አዲስ አበባ ቅርብ በመሆኗ ሌላ መመልከቻ ከከተማ መብራት ርቀው በሚገኙት በላሊበላ ተራሮች ላይ ለመሥራት ታስቦ ነበር። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በመቄት ገደል አፋፍ፣ በመቋት ማርያምና በሌሎችም ሥፍራዎች፣ ገበሬዎች በተስፋ የማኅበረሰብ ቱሪዝም በሠሯቸው ጎጆዎች ያደረ እንግዳም የከፈለው ለገደሉና ለዝምታው ብቻ አልነበረም፤ ሰማዩን ጭምር ነው። ወደ ላይ የተዞረ ፓውዛ የሚያጠፋው ይህንን ነው፤ ለማንም ሳይጠቅም።

ስለዚህ ደንብ አይውጣ አንልም። ይውጣ፤ ግን መለኪያው የሕንፃው ፊት ሳይሆን የእግር መርገጫው ይሁን። እያንዳንዱ ንግድ ቤት የበሩን ደረጃና በስተጎኑ ያለውን መተላለፊያ እስከ ጓሮው በር ድረስ ያብራ፤ ተከራይ ያለበት ቤት በተለይ። አምፖሉ ክዳን ይኑረው፤ ብርሃኑ ወደ ታች ይውረድ፤ ቀለሙም ከ3,000 ኬልቪን የማይበልጥ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሁን። ሱቁ ሲዘጋ የማስታወቂያው መብራት ይጥፋ፤ የመተላለፊያው ግን ይቆይ። የመንገዱ መብራት የማዘጋጃ ቤቱ ዕዳ ነውና በባለሱቁ ቆጣሪ ላይ አይጫን። በየከተማው እንደምናየው የሶላር ምሰሶ ተክሎ፣ ባትሪው ሲሞት ለመስቀያ ብቻ እንዲቆም መተውም ዕዳን መክፈል አይደለም። ቅጣት ካስፈለገም ከአንድ ዓመት ጊዜ በኋላ ይጀምር፤ መጀመሪያ የሚቀጣውም ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ፓውዛ ያዞረው ይሁን።

የኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ የሕግና የቱሪዝም ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው ይህን በሁለት ገጽ የደንብ ረቂቅ አድርገው እንዲጽፉ የተማሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ እንዲጠራ እናሳስባለን። ከመቄት፣ ከላስታ፣ ከዋድላና ከቡግና የመጣችሁ ጓደኞቻችን ለእረፍት ስትሄዱ በየከተማችሁ ዋና መንገድ የትኛው ቤት መብራት እንዳለው፣ ወዴት እንደ ዞረ፣ የትኛው መተላለፊያ ጨለማ እንደ ሆነ በደብተራችሁ ጻፉልን። የመንገዱን ንድፍ በእጅ የሣለ ተማሪ ቢኖር ንድፉን በሚቀጥለው እትማችን ለማውጣት ስቴንስሉን አዘጋጅተን እንጠብቃለን።